ልጄን ወደ ግል ትምህርት ቤት ላዛውራት ወይስ ባለችበት ትቆይ?

«ልጄ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በክፍሏ 60 ያህል ልጆች አሉ። ማንበብ ትወዳለች፤ ሒሳብ ግን ይከብዳታል፤ ዓይን አፋር ስለሆነችም እጇን አውጥታ አትጠይቅም። የባለቤቴ እህት ልጆቿን የምታስተምረው በግል ትምህርት ቤት ነው። በተገናኘን ቁጥር ‹ገንዘብ እንቆጥባለን ብላችሁ የልጅቷን ዕድል አትዝጉ› ትለናለች። የልጄ እኩያ የሆነው ልጇ በውጭ ቋንቋ ሲናገር ስሰማ ሆዴ ይባባል። ትምህርት ቤቱም ባለፈው ዓመት ያስፈተናቸውን ተማሪዎች በሙሉ እንዳሳለፈ ይናገራል። ክፍያውን ለመቻል ግን ባለቤቴ የማታ ሥራ መጨመር ይኖርበታል፤ እኔም እያመሸሁ ልገባ ነው። ትንሹ ልጃችን ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርት ይጀምራል። የግል ትምህርት ቤት በእውነት የተሻለ ያስተምራል ወይስ የምንከፍለው ለስሙ ነው? ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል።»
እናት

ውድ ጠያቂያችን፣

ምዝገባው ሊዘጋ ስለተቃረበ መልሴን አላዘገይብዎትም። በጻፉልኝ ነገር ላይ ብቻ ተመሥርቼ፣ ልጅዎን ዘንድሮ ከትምህርት ቤቷ እንዲያወጧት አልመክርዎትም። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ማንበብ ከወደደች፣ ትልቁ ነገር ተሠርቷል፤ ያንን የሠራው ደግሞ እርስዎና አሁን ያለችበት ትምህርት ቤት ናችሁ። የሒሳቡ ነገር ግን ሊተው የሚገባው አይደለም፤ እመለስበታለሁ። ከዚህ በታች የምነግርዎትን አይተው ነገሩ ሌላ ሆኖ ካገኙት ደግሞ ለማዛወር አያመንቱ።

በመጀመሪያ «ሁሉንም አሳለፍን» የሚለውን እንመልከተው፤ ብዙ ወላጅ ልቡ የሚሸፍተው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ትምህርት ቤት ይህን ሲል ሦስት ነገር ይጠይቁት። ለመግባት ፈተና ይሰጣል ወይ? ፈተናውን ያላለፉት ልጆች የት ሄዱ? ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት አብረው ከጀመሩት ተማሪዎች ውስጥ ለመጨረሻው ፈተና የተቀመጡት ምን ያህሉ ናቸው? ገና በመግቢያው ጎበዞቹን መርጦ የሚያስገባ፣ በየዓመቱ መጨረሻም ደከም ያለውን ልጅ ወላጅ ጠርቶ «ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል» የሚል ትምህርት ቤት፣ መቶ በመቶ ቢያሳልፍ ሊገርመን አይገባም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የመጣለትን ሁሉ ይቀበላል፤ ደብተር መግዛት ያቃተውን፣ ቤቱ የሚያስጠናው የሌለውን፣ ታሞ ግማሽ ዓመት የቀረውንም ጭምር። የሁለቱን የማለፊያ ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄኛው በለጠ» ማለት ስለ ማስተማር ችሎታቸው የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት «ፒሳ» በሚባለው ፈተና የ15 ዓመት ተማሪዎችን በብዙ አገሮች ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በንባብ ፈተናው የግል ተማሪዎች ከመንግሥቶቹ በአማካይ 30 ነጥብ ያህል በልጠው ተገኙ፤ ቀላል ልዩነት አይደለም። ነገር ግን የተማሪዎቹ ቤተሰብ ኑሮና የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች አጠቃላይ የኑሮ ደረጃ በስሌቱ ውስጥ ሲገባ ልዩነቱ ጠፋ። አብዛኛው ብልጫ ከልጆቹ ጋር ከቤት የመጣ ነበር ማለት ነው።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ጄምስ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1966 ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት መርቶ፣ በልጆች ውጤት ላይ የቤተሰብ ሁኔታ ከሕንፃና ከመሣሪያ እጅግ የበለጠ ክብደት እንዳለው አሳየ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1982 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በተለይ ከዝቅተኛ ኑሮ የመጡ ልጆችን ከመንግሥቶቹ የተሻለ እንደሚያስተምሩ ተከራከረ። ምክንያት ብሎ ያቀረበውም ሥርዓት መኖሩን፣ የቤት ሥራ መብዛቱንና ከሁሉም ተማሪ ጠንከር ያለ ትምህርት መጠበቁን ነው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ይሁንና ልብ ብለው ካዩት እነዚያ ሦስት ነገሮች አንዳቸውም ባለቤትነትን የሚጠይቁ አይደሉም፤ ቆራጥ ርእሰ መምህር ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤትም ሊያደርጋቸው ይችላል።

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚገኘው ዕጣ ከወጣባቸው ቦታዎች ነው። ዕጣ የደረሰውና ያልደረሰው ልጅ ከመነሻው ተመሳሳይ ስለሆኑ፣ በኋላ የሚታየው ልዩነት የትምህርት ቤቱ ነው ለማለት ያስደፍራል። ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍያን በከፊል የሚሸፍን ድጋፍ ሰጠች፤ ፈላጊው ሲበዛም በዕጣ አከፋፈለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ዕጣ የደረሳቸው ልጆች ስምንተኛ ክፍልን የማጠናቀቅ ዕድላቸው ካልደረሳቸው በ10 በመቶ ነጥብ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ክፍል መድገማቸውም ቀንሶ ነበር። ድጋፉ የሚታደሰው ልጁ ወደ ቀጣዩ ክፍል ካለፈ ብቻ መሆኑም ሳይረዳ አልቀረም። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለአራት ዓመት በተካሄደ ተመሳሳይ ሙከራ ግን ወደ ግል የተዛወሩት ልጆች በአካባቢው ቋንቋና በሒሳብ ከቀሩት አልበለጡም፤ ብልጫው የታየው መንግሥቶቹ በእነዚያ ክፍሎች በማያስተምሩት በሂንዲ ቋንቋ ነበር። በእውነቱ የግሎቹ ለአንድ ተማሪ የሚያወጡት ገንዘብ የመንግሥቶቹን ሢሶ ያህል ብቻ ስለነበር፣ በትንሽ ወጪ እኩል ማስተማራቸው ሊመሰገንላቸው ይገባል። በአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት ደግሞ ዕጣ ደርሷቸው ወደ ግል የተዛወሩ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የሒሳብ ውጤታቸው ክፉኛ ወደቀ። ከጥናቱ እንደሚታየው ልጆቹን ለመቀበል በራቸውን ከከፈቱት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ቀድሞውንም ተማሪ እየቀነሰባቸው የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ዓመቱ ሊጀመር ሲል ብዙ ባዶ ቦታ ይዞ ማስታወቂያ የሚያበዛ ትምህርት ቤት ካጋጠመዎት፣ ነባሮቹ ተማሪዎች ለምን እንደለቀቁ ጠይቀው ይወቁ።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ጥያቄ በሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት መልስ አገኘ። «የግል ይሻላል» ወይም «የመንግሥት ይሻላል» ብሎ በደፈናው የሚመልስልዎ ሰው ያየው ትምህርት ቤት ጥቂት ነው ማለት ነው። እርስዎ የሚመርጡት በሁለት የታወቁ ትምህርት ቤቶች መካከል ነው፤ ከዚያም በላይ በሁለት መምህራን መካከል። ይህንን ደግሞ ከጥናት ይልቅ የራስዎ ዓይን ነው የሚነግርዎ።

ዓይንዎ የት ላይ ይረፍ? ግቢው፣ የደንብ ልብሱ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ሁሉም ደስ ይላል። እኔ ግን ደብተር ይመልከቱ እላለሁ። ከባለቤትዎ እህት ልጅ ደብተሮች አንዱን ይዋሱና ከልጅዎ ደብተር ጋር ጎን ለጎን ይዘርጉት። በማስተማር ዘመኔ ሁለት ዓይነት ደብተር አይቻለሁ። አንደኛው ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ነው፤ ጽሑፉ የሚያምር፣ ርእሱ የተሰመረበት፣ በየገጹ ግርጌ ቀይ የራይት ምልክት ያለበት። ሲያነቡት ግን ሁሉም ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው፤ የአርባውም ተማሪ ደብተር አንድ ዓይነት ነው፤ ልጁ ራሱ አስቦ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር አይገኝም። ሁለተኛው ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነው፤ ልጁ ተሳስቷል፣ ሰርዞ እንደገና ሞክሯል፤ ከጎኑ መምህሩ «እዚህ እንዴት ደረስህ?» ብሎ ጽፎበታል፤ በማግስቱ ገጽ ላይ ልጁ መልስ ሰጥቷል። ወላጅ የሚወደው የፊተኛውን ነው። ትምህርት ያለው ግን በኋለኛው ውስጥ ነው። ሁለቱም ዓይነት ደብተር በግልም በመንግሥትም አጋጥሞኛል።

ከተቻለ ደግሞ የወላጆች ቀን ባልሆነ ተራ ቀን ገብተው አንድ ክፍለ ጊዜ ይቀመጡ። የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ ልጅ ሲሳሳት መምህሩ ምን ያደርጋል? «ተቀመጥ፤ ሌላ ልጅ!» ካለ፣ በዚያ ክፍል እንደ ልጅዎ ያለች ዓይን አፋር ዓመቱን ሙሉ አፏን አትከፍትም። «እስኪ እንዴት እንዳሰብሽው ንገሪን» ካለ፣ ክፍሉ ጠባብም ቢሆን፣ ወንበሩ ቢያረጅም፣ ጥሩ እጅ ላይ ናት።

የተማሪ ብዛቱን አላቃልልም። በ60 ልጆች ክፍል አንዲት ዝምተኛ ልጅ በቀላሉ ትረሳለች። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1989 በተካሄደ ሙከራ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ከ13 እስከ 17 ልጆች ባሉበት ክፍል የተማሩት ከ22 እስከ 25 ባሉበት ከተማሩት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል፤ ጥቅሙ ይበልጥ የታየውም በድሃ ልጆች ላይ ነው። በዚህ በኩል የግል ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ይቀድማል። ነገር ግን ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይመኑ፤ ገብተው ይቁጠሩ። 45 ልጆች ከሆኑና መምህሩም ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ሲሞላ የሚውል ከሆነ፣ ለቁጥሩ ልዩነት ብቻ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልመለስ፤ ከደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ዛሬ ማታ ለልጅዎ አንድ ጥያቄ ይስጧት፤ ከ403 ላይ 158 ቀንሺ ይበሏት። ስትሠራ ድምፅ አውጥታ እንድትናገር ያድርጉ። መልሱ 245 ነው። 355 ብላ ከጻፈች ምን እንዳደረገች ልንገርዎ፤ በየቤቱ ትልቁን ቁጥር ፈልጋ ትንሹን ቀንሳለች፤ ከ8 ላይ 3፣ ከ5 ላይ 0፣ ከ4 ላይ 1። ስንፍና አይደለም፤ መበደር ምን እንደሆነ አልገባትም፤ በተለይ የአሥር ቤቱ ላይ 0 ሲቀመጥ ከመቶ ቤቱ ተበድሮ መምጣት እንዳለበት ማንም ቁጭ አድርጎ አላሳያትም። መምህሯ የኤክስ ምልክት አድርጎበት ካለፈ፣ ኤክሱ ምንም አያስተምራትም። ቀጫጭን እንጨቶች ወይም የወረቀት ቁራጮች በአሥር በአሥር ያሰሩ፤ አሥሩን እስር ደግሞ አንድ ላይ ጠቅልለው መቶ ያድርጉት። ከዚያ ራሷ እየፈታች ትቀንስ። በጥቂት ምሽቶች ፊቷ ሲፈካ ያዩታል። ይህን ክፍተት ይዛ ወደ ውዱ ትምህርት ቤት ብትሄድ፣ እዚያ ቀድሟት የሄደ ትምህርት ይጠብቃታል፤ ዓይን አፋርነቷም ይብስባታል።

መምህሯንም ያነጋግሩ፤ በወቀሳ አይጀምሩ። «ልጄ በመቀነስ ላይ እዚህ ጋ ትሳሳታለች፤ እጇን ለማውጣትም ታፍራለች፤ ከፊት ብትቀመጥና በሳምንት አንድ ሁለቴ ቢጠይቋት» ይበሏቸው። ስድሳ ልጅ ያለበት መምህር ችግሩን ተንትኖ የሚያመጣለት ወላጅ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ይተባበራል፤ የመንግሥት መምህራን የሚያጡት ይህን ዓይነት ወላጅ ነው። የሚያሳዝነኝም እዚህ ላይ ነው። ጠያቂ የሆኑት ወላጆች በሙሉ ክፍያ ወዳለበት ሲሄዱ፣ በቀረው ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ «መጽሐፉ ለምን አልደረሰም?» ብሎ የሚነሣ ሰው ይጠፋል። ልጅዎን ለዚህ መሥዋዕት ያድርጓት ማለቴ አይደለም። ባሉበት ጊዜ ግን ድምፅዎ ከልጅዎ አልፎ ለ59ኙም ይደርሳል።

የቋንቋውን ነገር በተመለከተ፣ የባለቤትዎ እህት ልጅ በውጭ ቋንቋ መናገሩ መልካም ነው፤ አድናቆት ይገባዋል። ሆኖም በውጭ ቋንቋ መናገርና በዚያ ቋንቋ ማሰብ መቻል በዚህ ዕድሜ ለየቅል ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ዘገባ ልጆች ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲጀምሩ መምከሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚገባውን ቋንቋ የሚያነብ ልጅ አሳቡን ይይዛል፤ ያልገባውን ቋንቋ የሚያነብ ልጅ ግን ቃሉን ይሸመድዳል። ልጁን ሳያስጨንቁ «ዛሬ በሳይንስ የተማርከውን በራስህ ቋንቋ አስረዳኝ» ብለው ይጠይቁት። ካስረዳዎት ትምህርት ቤቱ እየሠራ ነው። ካልቻለ ደግሞ የሰሙት የተለማመደውን ነው። ልጅዎ ማንበብ ስለምትወድ ሁለተኛ ቋንቋን በኋላም ትደርስበታለች።

ከክፍያው በላይ የከበደኝ ምሽታችሁ ነው። አባት የማታ ሥራ፣ እናት እያመሹ መግባት፤ ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ የተከፈለበትን የቤት ሥራ ማን ያያል? ልጅቷ የምታነበውንስ ማን ይሰማታል? ንባብ መውደዷ የመጣው ከዚያ ምሽት ይመስለኛል። በዚያ ላይ ክፍያው ብቻውን አይመጣም፤ መመዝገቢያ፣ መጻሕፍት፣ የደንብ ልብስ፣ መጓጓዣ ይከተላል፤ በየዓመቱም ይጨምራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። በዓመቱ አጋማሽ ገንዘብ አልቆ ልጅን ከጓደኞቿ መነጠል ፈጽሞ ካለመጀመር ይከፋል። የሦስት ዓመቱን ወጪ ለሁለቱም ልጆች በወረቀት ላይ አስልተው፣ የማታ ሥራ ሳይጨመር የሚቻል ከሆነ ብቻ ያስቡበት። ለጊዜው ከክፍያው ጥቂቱን ለተረት መጻሕፍት ቢያውሉት፣ ካስፈለገም ለአንድ ጥሩ የሒሳብ አስጠኚ ቢከፍሉበት፣ ለዚህች ልጅ የበለጠ ይጠቅማታል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ስል የመንግሥት ትምህርት ቤት ምንም ቢሆን ይታገሱት አላልኩም። መምህር የማይገባበት ክፍል ትምህርት ቤት አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2003 በሕንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያለ ማስታወቂያ በተደረጉ ጉብኝቶች ከአራት መምህራን አንዱ በሥራ ቦታው አልተገኘም ነበር። በልጅዎ ክፍልም ክፍለ ጊዜው በተደጋጋሚ ባዶ የሚያልፍ ከሆነ፣ ልጅቷ የምትመታ ወይም በክፍል ፊት የምትዋረድ ከሆነ፣ ወይም አቤት ብለው ርእሰ መምህሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለዎት፣ ያን ጊዜ አይጠብቁ፤ ያውጧት። የምትወጣውም የግድ ወደ ውዱ መሆን የለበትም። አንዳንዴ በእግር ጥቂት ራቅ ያለ ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት በመልካም ርእሰ መምህር ስለሚመራ ብቻ በአካባቢው ካለው የግል ትምህርት ቤት ይበልጣል፤ ወላጆች ግን ይህን አማራጭ ከነጭራሹ አያዩትም።

የባለቤትዎን እህት በተመለከተ፣ ክርክር አይግጠሙ። የምትናገረው ልጅቷን ስለምትወድ ነው፤ ለእሷ ቤት ደግሞ ያ ትምህርት ቤት የተስማማ ሊሆን ይችላል። «አይተን፣ መዝነን፣ ዘንድሮ እዚሁ እንድትቀጥል ወስነናል» ይበሏት፤ ይህን ግን ባለቤትዎ ራሳቸው ቢነግሯት ይሻላል። ልጅቷ ባለችበት ይህ ጉዳይ እንዳይነሣ ግን ይጠንቀቁ። የምትማርበት ትምህርት ቤት የድሃ ነው፣ የማይረባ ነው ሲባል በየጊዜው የምትሰማ ልጅ፣ እዚያ የምትሰማውን ትምህርትም መናቅ ትጀምራለች።

ትንሹን ልጅዎን ደግሞ ከእህቱ ጋር አንድ ላይ ዛሬ አይወስኑለት። ሁለት ልጆች በሁለት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ቢማሩ ነውር የለበትም። እስከዚያው እህቱ በየማታው ድምፅ አውጥታ ታንብብለት፤ ለእሷ ዓይን አፋርነት መፍቻ ይሆናታል፤ እሱም ፊደል ሳይቆጥር ከመጽሐፍ ጋር ይተዋወቃል። የመጀመሪያ ክፍል መምህራኑን በሚቀጥለው ዓመት፣ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ወር ገደማ ሄደው ይዩአቸው፤ ያኔ የመጀመሪያው ሳምንት ግርግር አልፎ ክፍሉ እንደ ዘወትሩ የሚውልበት ጊዜ ነው።